በፀጉር አስተካካዩ ፋንታ የመለስነው መልስ

ጋሽ መፍቻን ያን ዕለት ያገኘኋቸው ይገኙበታል ብዬ በማልጠረጥረው ቦታ ነበር፤ ሞባይል መጠገኛ ሱቅ ውስጥ። እኔ የስልኬ ባትሪ አብጦ ክዳኑን ስለገፋው ላስቀይር ገብቼ ነው። እሳቸው ባንኮኒው ላይ በሁለት ክርናቸው ተደግፈው ጠጋኙን አፋጠውታል።

“ቀላል ነገር እኮ ነው የጠየቅሁህ” ይሉታል። “ይሄ ስልክ መልእክት እንዳይቀበል አድርግልኝ።”

“አባት፣ ስልኩ ምንም አልሆነም። ደህና ነው።”

“ደህና መሆኑን አውቃለሁ! ደህና በመሆኑ አይደል እንዴ ያስቸገረኝ?”

ጠጋኙ ሳቁን ለመደበቅ አቀርቅሮ የኔን ባትሪ መንቀል ጀመረ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ስልኩን አውቀዋለሁ። የልጃቸው የፀጉር አስተካካዩ ነው።

ለማያውቋቸው ልንገር። ጋሽ መፍቻ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ። የደረት ኪሳቸው ያለ መፍቻ ታይቶ ስለማይታወቅ ሰፈሩ በዚያው ጠራቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪናዬን ከእሳቸው በቀር ማንም አልነካውም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ማንበብና መጻፍን ለራሴ ስላስተማርኩ፣ ደብዳቤም ሆነ ማመልከቻ ሲያስፈልጋቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ካረፉ አራት ወር ሆናቸው። በሕይወት ሳሉ “ይህን ነገር ጻፈው፤ እንደኔ በሩን የዘጋ አባት ካለ ያንብበው” ብለውኝ ነበርና ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ልጃቸው በሰፈራችን ጥግ ላይ ባለ ሦስት ወንበር ፀጉር ቤት ነበረው። መቀሱና ምላሱ እኩል ይሠራሉ ይባልለት ነበር። ፀጉሩ ሳያድግ ወሬ ፍለጋ ብቻ የሚመጣ ደንበኛም አውቃለሁ። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ዓመት፣ በዝናብ ላይ ሞተር ብስክሌቱ አንሸራተተውና ጭንቅላቱ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ከሞት ተርፎ በእግሩ ወጣ። ቃላት ግን ተደበቁበት። የሚፈልገውን ሲጠራ ምላሱ ሌላ ያነሣል። ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ ድምፁ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ መዶሻ ይሆንበታል። አንድ ሰዓት መቀመጥ ቀኑን ሙሉ ሸክም እንደተሸከመ ሰው ያደክመዋል።

ወደ ቤት በተመለሰ በሳምንቱ ዘጠኝ ጓደኞቹ በአንድ ጊዜ ሊጠይቁት መጡ። ሁሉም በፍቅር፣ ሁሉም እኩል ያወሩ ነበር። እሱ የልብ ጓደኛውን “መቀስ” ብሎ ጠራው። አንዱ ሳቀ፤ ለክፋት አልነበረም። ልጁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ መፍቻ በሩን ዘጉ።

ባትሪዬ ከተቀየረ በኋላ ወደ ሱቄ ይዣቸው ገባሁ። በመቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለችውን በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው።

“ሰኞ እህቴ ዘንድ ልወስደው ነው” አሉኝ። “ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ጸጥ ያለ ነው። የሚያውቀው ሰው የለም።”

“ለስንት ጊዜ ነው ጋሽ መፍቻ?”

“እንግዲህ...” አሉና መፍቻውን ከኪሳቸው አውጥተው ያገላብጡት ጀመር። ነገሩ ገባኝ። መመለሻ አልታሰበለትም።

ይህን ስንነጋገር ትንሿ ልጃቸው ገባች። ፊዚዮቴራፒ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ፈጥና በመምጣቷ ትንፋሿ አልሰበሰበም።

“ጋሼ እንደምን ዋሉ። አባባ፣ የወንድሜን ስልክ ይዘው ወጥተዋል?”

“ለምን ፈለግሽው?”

“ሰው የሚያገኝበት መንገድ ስላገኘሁለት ነው።”

“ሰው! ሰው አይደል እንዴ እዚህ ያደረሰው?”

“እዚህ ያደረሰውስ ሞተር ብስክሌት ነው፣ አባባ።”

ጋሽ መፍቻ ወደ እኔ ዞሩ። “አየህ? ለፍቼ ያስተማርኳት እንዲህ እንድትመልስልኝ ነው።” ድምፃቸው ይቆጣ እንጂ ፊታቸው ላይ ኩራት ነበረበት።

ልጅቱ ከጎናቸው ቁጢጥ ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው። እንደ ወንድሟ ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የመሠረቱት ቡድን አለ። ረቡዕና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በስልክ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ከያሉበት ከተማ ሆነው ይተያያሉ፣ ይጫወታሉ፤ በሌላው ቀን በጽሑፍ ይጠያየቃሉ።

“ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ሰው ነው?” አሉ አባት። “እጁ አይጨበጥ፤ ትከሻው አይነካ። ሥራ ፈት የሚውልበት ነገር ነው። ሰው ማለት በር አንኳኩቶ የሚገባ ነው።”

“በር አንኳኩተው የመጡትን እርስዎ መለሷቸው እኮ።”

“ሲያስጮኹት ዝም ልበል?”

“አላልኩም አባባ። ያኔ ማስወጣትዎ ልክ ነበር። ዘጠኝ ሰው ባንድ ላይ ሲያወራ የተጎዳ አእምሮ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። እዚያ ግን አንድ ሰው ሲናገር የሌሎቹ ድምፅ ይዘጋል። ሲደክመው ምስሉን አጥፍቶ ጋደም ይላል፤ ‘ምን ሆነህ ነው’ የሚለው የለም። ቃል ሲጠፋበት በጽሑፍ ይሞክራል። በሥዕልም ቢሆን። ያ ሁሉ ቤታችን ሳሎን ውስጥ አልነበረም።”

“ሐኪሙ ዕረፍት ነው ያለው።”

“ዕረፍት ብሏል። እስር ቤት ግን አላለም።”

“አፍሽን!” አሉ ጋሽ መፍቻ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “መኪና ሲሰበር መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ከሥራ ይወጣል፣ ይሸፈናል። ይሄን እኔ ነኝ የማውቀው” አሉ።

ልጅቱ በዚህ ላይ አልተከራከረቻቸውም። የኔን አሮጌ መኪና በእጇ እየነካካች፣ “እርስዎ ናቸው የሚያውቁት፤ እውነት ነው” አለች። “እስቲ ይንገሩኝ። የተጠገነ መኪና ዓመት ሙሉ ሳይሰፋበት ተሸፍኖ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?”

ጋሽ መፍቻ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ መዋሸት የማይችሉ ሰው ነበሩ።

“ዘይቱ ይደርቃል” አሉ። “ይያያዛል።”

“ታዲያ ምን ያደርጉለታል?”

“ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ያለ ክር፣ በእጅ ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ። በሞተር ካስነሣሁት ይሰበራል።” ይህን ካሉ በኋላ ልጃቸውን በጥርጣሬ አዩዋት። “ወጥመድ ነው እንዴ የምታጠምጂልኝ?”

“ቡድኑ በእጅ ማዞር ነው፣ አባባ። ያለ ክር። ከዚያ በኋላ ነው ፀጉር ቤቱም፣ ሰፈሩም።”

አባትየው የተሸነፉ መሰለኝ። ነገር ግን እውነተኛው ሕመማቸው ገና አልወጣም ነበር።

“ቢቀርጹትስ?” አሉ። “‘መቀስ’ ሲል፣ ምራቁ ሲወርድ ቀርጸው በየስልኩ ቢበትኑትስ? ልጄ እኮ ገብቶ የተቀመጠበት ቤት ሁሉ የሚደምቅለት ሰው ነበር! ያን ልጅ ነው ሰው እንዲያስታውስልኝ የምፈልገው። ይሄንን አይደለም።”

“አይቀርጹትም ብዬ መማል አልችልም” አለች ልጅቱ። “የማይታወቅ ሰው አያስገቡም፤ መቅረጽ ክልክል ነው፤ አስተባባሪዋንም ሄጄ በአካል አግኝቻታለሁ። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ግን አባባ፣ ‘ይሄንን አይደለም’ ያሉት እሱ ራሱ ነው። ሌላ ልጅ የለም። ትላንት ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ሩብ ሰዓት ፈጅቶበት ነው ያለኝ። ‘ማንም... አልጻፈ...ልኝም’ አለኝ። ጓደኞቼ ረስተውኛል ነው የሚለው።”

በዚህ ጊዜ ጋሽ መፍቻ መሬት መሬት አዩ። እኔም መሬት አየሁ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ሳልሸፍን መጻፍ አለብኝ። ጓደኞቹ ጽፈውለት ነበር። አንዱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም። ጋሽ መፍቻ ስልኩን ይዘው ወደ ሱቄ ይመጣሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። “ደህና ነኝ። ዕረፍት ላይ ነኝ። አሁን አትምጡ፤ ሲሻለኝ እጠራችኋለሁ።” በልጁ ስም፣ በልጁ ስልክ፣ ሠላሳ አራት ጊዜ። ጽሑፌ ያማረ በመሆኑ ጓደኞቹ ልጁ ደህና ሆኖ የጠላቸው መሰላቸው። ቀስ በቀስ ተዉት። በዚያ ሰሞን የሚጽፍለት አንድ ጓደኛው ብቻ ነበር፤ ጋሽ መፍቻን ወደ ሞባይል ጠጋኙ የወሰዳቸውም የሱ መልእክት ነው።

ይህን ለልጅቱ ነገርኳት። አባቷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

“ጋሼ፣ እርስዎም?” አለች።

ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

“ለክብሩ ብዬ ነው” አሉ ጋሽ መፍቻ።

እኔም ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልተናገርኳቸውን ተናገርኳቸው። “ጋሽ መፍቻ፣ ሐኪም ‘እንዴት ነህ’ ሲለው እርስዎ ይመልሳሉ። ጎረቤት ሲጠይቀው እርስዎ። ጓደኛ ሲጽፍለት እርስዎና እኔ። ልጁ እኮ አፉ ተይዞ ብቻ አይደለም ዝም ያለው፤ ተራ አጥቶ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀነው፣ መልሱን ጠብቀን እናውቃለን?”

ጋሽ መፍቻ ተነሥተው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

“ቅዳሜ። አንድ ጊዜ ብቻ” አሉ። “አጠገቡ ሆኜ አያለሁ። ካስጮኹት ግን ሰኞ ጓዙ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይከራከረኝ።”

ልጅቱም፣ “እሱንም እንጠይቀዋ” አለች።

ጠየቁት። “እ...ሺ” አለ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰው፤ እንደዚያ ሲፈጥን ካየነው ዓመት ሆኖን ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በልጁ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ብርሃን ስለሚያመው መጋረጃው በግማሽ ተስቧል። ስልኩን ከውኃ ብርጭቆ ጋር አስደግፈው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አቁመውታል። እኅቱ በቀኙ፣ አባቱ በግራው ተቀመጡ፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ልጁ ሸሚዙን ራሱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን ራሱ አበጥሮ ነበር።

ስልኩ ላይ ሰባት ፊቶች በየሳጥናቸው መጡ። አስተባባሪዋ የሒሳብ መምህርት የነበረች ሴት ናት፤ ከስድስት ዓመት በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ዳግመኛ መናገር ተምራለች። ቃሎቿን አንድ በአንድ እያነሣች እንደምትቆጥር ቀስ ብላ ትናገራለች።

“እንኳን... ደህና መጣህ” አለችው። “ሕጋችን አጭር ነው። ተራ በተራ። የሌላውን ቃል... ማንም አይጨርስለትም። እንጠብቃለን። የምንሄድበት... የለንም።” ከዚያም ጠየቀችው። “ሥራህ ምንድን ነው?”

ልጁ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ።

“ፀጉር አስ...” አሉ ጋሽ መፍቻ።

“አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለች መምህርቷ በትሕትና። “ጥያቄው... የእርስዎ አይደለም።”

ጋሽ መፍቻን በዚያ ሰፈር እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው የለም። ፊታቸው ደም መሰለ። ግን ዋጡት። ላቡ በግንባራቸው ሲወርድ አየሁ። ያ ዝምታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ አንድ የሱሪ እግር አጥፌ እጨርስ ነበር። ሰባቱ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። አንዳቸውም ዓይናቸውን አላሸሹም፤ አንዳቸውም በርታ አላሉም፤ ፊታቸው ላይ አዘኔታም ጥድፊያም አልነበረም።

“ሰው...” አለ ልጁ። “ሰው... አሳምራለሁ።”

ማናችንም ልናቀብለው የምንችለው ቃል አልነበረም። እኛ ብንመልስለት ኖሮ “ፀጉር አስተካካይ ነው” ብለን እናልፈው ነበር።

ከሰባቱ አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣ ከጆሮው እስከ አናቱ የስፌት ጠባሳ ያለበት ራሰ በራ ሰው እጁን አነሣ። “እኔን ምን... ልታደርገኝ ነው?” አለ መላጣውን እየዳበሰ። “ሥራ የለህም... እዚህ!”

እንደገና ጥበቃ ሆነ። ልጁ ሰውዬውን በደንብ አየው፤ እንደ ባለሙያ ነው ያየው።

“ጺም... አለህ” አለው። “እሱም... ተበላሽቷል።”

ሰባቱም ሳቁ፤ ሾፌሩ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ያ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ “ደከ...መኝ። ረቡዕ... እመለሳለሁ” አላቸውና በገዛ ጣቱ ስልኩን ዘጋው። አልጮኸም፤ አላለቀሰም። ያለቀሱት ጋሽ መፍቻ ናቸው።

እንባቸውን ሳይጠርጉ ስልኩን አንሥተው በልጃቸው እጅ ላይ አስቀመጡ። “ልጄ” አሉ፣ “ጓደኞችህ አልረሱህም። ጽፈውልህ ነበር። በአንተ ስም እየመለስኩ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።”

ልጁ አያቸው። የሚመልሰው እስኪመጣለት ድረስ ጋሽ መፍቻ ጠበቁ። ሰው ሲጠብቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

“ጥፋት... ነው” አለ።

“አዎ፤ ጥፋት ነው።”

“ይነ...በብልኝ። ሁሉም።”

የጻፍኩት እኔ ነኝና ማንበቡም የኔ ዕዳ ሆነ። እንዳይደክመው ለሦስት ቀን ከፋፍዬ፣ ጓደኞቹ የጻፉለትን ሁሉ አነበብኩለት። አንዳንዱ ላይ ሳቀ፤ አንዱ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰኞ መጥታ አለፈች። ጋሽ መፍቻ ለእህታቸው ደውለው “አይመጣም፤ ሥራ አለበት” አሏት።

ሥራም ነበረበት። ረቡዕና ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ጓደኞቹን መጀመሪያ በስልክ አንድ በአንድ አገኛቸው፤ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ። ሕጉን አስተማራቸው፤ ተራ በተራ፣ ቃል ሳይጨርሱለት። ከዚያ አንድ በአንድ በበር ገቡ። ያ “መቀስ” የተባለው ጓደኛው ስሙን ወዶት እስከ ዛሬ መቀስ እየተባለ ይጠራል። በስድስተኛው ወር ፀጉር ቤቱ ተመለሰ፤ ሌላ ባለሙያ ቀጥሮ፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራል። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። በሩ ላይ “እስከ ረፋዱ ድረስ እዚህ ቤት ቀስ ይባላል” የሚል ወረቀት ለጥፏል። እኔ ልጽፍለት ብል እምቢ ብሎኝ፣ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፉ ራሱ የጻፈው ነው። አሁን ሽማግሌዎችና ጫጫታ የሚያስጨንቃቸው ሕፃናትን ይዘው የሚመጡ እናቶች ያን ሰዓት ይሻሙታል። የጭነት መኪና ሾፌሩ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ ጺሙን አስተካክሏል። “በስልክ ካየሁህ ታጥራለህ” ብሎት፣ ልጁም “አንተም... ትወፍራለህ” ሲለው ሰምቻለሁ።

ቃሎቹ ሁሉ ተመለሱ አልልም፤ አልተመለሱም። ዛሬም ይፈልጋቸዋል፣ ዛሬም ይደክመዋል። የተመለሰው ሰው ነው። ለማን እንደሚናገር ያወቀ ሰው ቃሉን ለመፈለግ ጉልበት ያገኛል፤ ይህን በዓይኔ አየሁ። ጋሽ መፍቻም ከዚያ በኋላ መኪና ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ ይዘው ይሰብኩ ነበር። “ቤትህ የታመመ ሰው አለ? ከሰው ጋር አገናኘው። በእግሩ መሄድ ካልቻለ በስልክ ይሂድ። የሚገባበትን ቡድን አጣራ፤ መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጥ፤ ሲደክመው ይተው። አፍህን ግን ዝጋ!” ይላሉ። ደንበኛው “ጋሼ፣ ስልክ ሥራ ፈት የሚውልበት ነገር ነው ይሉ አልነበረም?” ሲላቸው፣ “እሱን ያለው ሌላ ሰውዬ ነው” ይሉ ነበር።

እንግዲህ ለአንባቢዬ የምለው ይኸው ነው። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው በዝምታው ውስጥም ሰው ነው። ከሰው መሸሸጉ ክብሩን አይጠብቅለትም። በስልክ የመጣ ወዳጅ የበሩን ወዳጅ አያስቀርም፤ በትክክል ከተያዘ መልሶ ያመጣዋል። እኛ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ልንሰጠው የምንችለው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው፤ መልሱ የሱ እስኪሆን መጠበቅ።

ጋሽ መፍቻ ልባቸው ደክሞ፣ ብዙ ሳይሠቃዩ አረፉ። በቀብራቸው ቀን ሰፈሩ ሙሉ ወጣ፤ እኛ ልብስ ሰፊዎች ሁላችን ሱቃችንን ዘግተን ነበር። ቤተሰቡን ወክዬ እንድናገር ተነግሮኝ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ። ልጁ መጣና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ፤ አጣጥፎ ኪሴ ውስጥ መልሶ ከተተው። ከዚያ ወደ ፊት ወጣ።

እኅቱ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ መምጣት ያልቻሉት የቡድኑ ሰዎች ከየሳጥናቸው ያያሉ። ልጁ አፉን ከፈተ። ዝም አለ። ከፊት የቆመ አንድ ዘመድ ሊረዳው ብሎ ቃል ሊያቀብለው ሲል፣ ለቀብሩ ከከተማው የመጣው ሾፌር የዘመዱን ትከሻ ያዝ አድርጎ ጣቱን በገዛ ከንፈሩ ላይ አኖረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጠበቀ። ከሦስት መቶ ሰው መካከል አንድም የሚያስል አልነበረም።

“አባቴ...” አለ፣ “ብዙ ጊዜ... በእኔ ፋንታ... ተናገረ። ዛሬ... ተራው... የኔ ነው።”

ለቅሶም ሳቅም ባንድ ላይ ተነሣ። እስኪበርድ ድረስ ረጋ ብሎ ቆየ። ከዚያም ስለ አባቱ፣ በገዛ አፉ፣ እስኪጨርስ ድረስ ተናገረ።